ሁለት ጊዜ የገጠምኩት ቱቦ

ይህን ነገር ከአፌ የሰማ ሰው የለም። ሚስቴ አታውቀውም። የንስሐ አባቴም አያውቁትም። በየሑዳዴው በየፍልሰታው እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሰው ያማሁበትን፣ ጾም የገደፍኩበትን፣ በቁጣ የተሳደብኩበትን ስዘረዝር ኖሬአለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ምላሴን እሰበስባለሁ። ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው። ስገድ ቢሉኝ እሰግዳለሁ፤ ጹም ቢሉኝ እጾማለሁ። እሳቸው ግን «መጀመሪያ ሄደህ ለበደልከው ሰው ንገር» ነው የሚሉኝ። ያን ፈርቼ ስንት ጾም በከንቱ ጾምኩ! ሰው ራሱን እንዲህ ማታለል ይችላል? እኔ ችያለሁ።

እናንተ የምታነቡት ሰዎች እነማን እንደሆናችሁ አላውቅም። ልትፈቱኝ እንደማትችሉም አውቃለሁ። ለእናንተ መናገሩ የቀለለኝም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም፤ ፈሪ ሰው ሲናዘዝም ቀላሉን በር ይመርጣል።

ሞገስ እባላለሁ። ደብረ ታቦር፣ መናኸሪያው አጠገብ ሳይክል እጠግናለሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ያኔ ግን ሱቁ የሁለታችን ነበር፣ የእኔና የይርጋ። ይርጋ ዝምተኛ ነው። አንዲት ቡሎን ለማጥበቅ አንገቱን አዘንብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ነበር የሚጠነቀቀው። እኔ ደግሞ አፈኛው ነኝ። ደንበኛ የማጫውተው፣ መንገደኛ የምጎነትለው፣ ያልሠራሁትንም የሠራሁ የማስመስለው እኔ ነበርኩ። የመናኸሪያው ሰው «ኢንጂነር» ይለኝ ነበር። ለቀልድ ነው የሚሉኝ፤ እኔ ግን ውስጥ ውስጡን እውነት አድርጌው ነበር።

የይርጋን የመጀመሪያ ልጅ፣ ዮናስን፣ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ አበልጅ ነን። አበልጅነት በእኛ አገር ከሥጋ ዝምድና አያንስም። አበልጅ ከአበልጁ ጋር አይካሰስም፤ ክፉ ቃል አይለዋወጥም፤ በጠብ ቀን መሐል ይገባለታል። ይህን ልብ በሉልኝ። በደሌን ያከበደው ይኸው ነው።

አለምነው የእትዬ ዘውዲቱ አንድ ልጅ ነው። አባቱ የሞተበት፣ እናቱ ገበያ ገብስ እየሸጠች ያሳደገችው፣ የሳይክል እብድ። ገና እግሩ ፔዳል ሳይደርስ ከሱቃችን ደጅ አይጠፋም ነበር ይሉታል፤ እኔ የማስታውሰው ግን ጢሙ ማቀምቀም ከጀመረ በኋላ ነው። መንገድ ሥራ ላይ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ሳይክሉን ለእሱ ሰጠው። ልጁ ባሕር ዳር ወርዶ ተረከባትና በሚኒባስ ጣሪያ አስጭኖ አመጣት። እንዲህ ያለች ሳይክል ከተማችን አይታ አታውቅም። ፍሬኗ በሽቦ የሚሳብ አይደለም፤ በዘይት ነው። እጀታውን ስትጨብጠው ዘይቱ በቀጭን ጥቁር ቱቦ ውስጥ ይገፋና ጎማው ላይ ያለውን ክብ ብረት ግራና ቀኝ ቆንጥጦ ይይዘዋል።

ታዲያ ጣሪያው ላይ ሲያስሯት ገመዱ የፊቱን ቱቦ ከእጀታው ሥር ጨፍልቆት ኖሯል። ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። ሐሙስ ዕለት አለምነው እየገፋ አምጥቶ ደጃችን ሲያቆማት ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እሑድ የዞኑ ቡድን የሚመረጥበት ውድድር አለ፤ ከከተማው ተነስቶ ቁልቁል ወደ ዓለም በር የሚወርድ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ቱቦው ከእጀታው ይፈታል፤ የተጨፈለቀው ጫፍ ይቆረጣል፤ ደህናው ተመልሶ ይገጠማል። ነገር ግን ቱቦውን በቦታው የሚይዘው ዳዶው ብቻ አይደለም። ከዳዶው ሥር ጥፍር የምታህል የነሐስ ቀለበት አለች። ዳዶው ሲጠብቅ ቀለበቷ ትጨመቅና ቱቦውን ነክሳ ትይዘዋለች። አንዴ ከተጨመቀች በኋላ ግን አገልግሎቷ አበቃ፤ በአዲስ መተካት አለባት። አዲስ ደግሞ እኛ ጋ አልነበረም።

ይርጋ አሮጌዋን ቀለበት መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጣትና «ይቺ አትሆንም አበልጄ። ባሕር ዳር ሰው እንላክ» አለ።

«እሑድስ?» አለ አለምነው።

«እሑድ ያልፋል። ሌላ እሑድ ይመጣል።»

የልጁን ፊት አየሁት። ደጅ የቆመውን ሰውም አየሁ፤ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ሥራ ፈቱ ሁሉ አዲሲቷን ሳይክል ከቦ ነበር። እንዲህ ተከብቤ «አልችልም» ልል ነው? እኔ ኢንጂነሩ? «አይ አበልጄ፣ አንተ ደግሞ ጥላህን ትፈራለህ! እኔ ባሕር ዳር ጋራዥ ስሠራ የስንት መኪና ፍሬን ፈትቼ ገጥሜአለሁ» አልኩት። ሰው ሳቀ። ይርጋ አልሳቀም፤ አልተከራከረኝም። ቱቦውን ስናይ ፈትተነው የነበረውን የፊት ጎማ አንስቶ፣ በልማዱ አንገቱን አዘንብሎ፣ ቦታው አስገብቶ አሰረው።

እኔ ያቺን አሮጌ ቀለበት በፒንሳ ጠበብ አደረግኋት። በላይዋ የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበትን ነጭ ቴፕ ጠቀለልኩባት። የቧንቧ ውኃ ከያዘ ዘይት የማይዝበት ምን ምክንያት አለ ብዬ ነው። ቱቦውን ከትቼ ዳዶውን አጠበቅሁት። እዚህ ላይ አልዋሻችሁም፦ ዳዶው መቆም ከሚገባው አልፎ ትንሽ ዞረ። ነክሶ የያዘ ነገር እጅ ላይ ይታወቃል። ያልያዘም ይታወቃል። እጄ ነግሮኛል። እጄን ዝም አሰኘሁት።

ከሳይክሏ ጋር በመጣው ዘይት ሞላሁት፣ አየሩን አስወጣሁ፣ እጀታው ድንጋይ ሆነ። አለምነው መናኸሪያው ፊት ጋልቧት በፍጥነት መጣና ሲይዛት ቀጥ አለች። ሰው አጨበጨበ። «ኢንጂነር!» አሉኝ። ደስ አለኝ። ያን ዕለት የተሰማኝ ደስታ እስከ ዛሬ ያስጠላኛል።

ልጁ ሊሄድ ሲል ይርጋ «ቁልቁለቱ ላይ ቀስ በል» አለው። «ልጁን አታስፈራራው!» አልኩ እኔ።

እሑድ ረፋድ ላይ ወሬው መጣ። ከኋላው የነበረ ተወዳዳሪ እንደተናገረው፣ አለምነው ከዓለም በር በላይ ያለው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ አልበረደም፤ ቀጥ ብሎ ከመንገዱ ወጥቶ ገብስ ማሳው ካብ ላይ ተከሰከሰ። የኋላው ፍሬን ያን ያህል ቁልቁለት ብቻውን አልቻለም። ባሕር ዳር ወስደው እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። እሱ ራሱ ከቁልቁለቱ አናት በኋላ የሆነውን አንድም አያስታውስም።

ወሬው እንደ ደረሰ ይርጋ ሮጦ ሄዶ ልጁን በጫነው መኪና ላይ ወጣ። አብሮት ባሕር ዳር ወረደ። ደም የሰጠውም እሱ ነው። እኔስ? እኔ ሱቁን ማን ይጠብቃል አልኩ።

የአለምነው አጎቶች ከገጠር መጡ። ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ ጠመንጃ አንግተዋል። «ይቺን ሳይክል የነካ ማነው?» ነው ጥያቄያቸው። የደብሩ ሽማግሌዎች ነገሩ ደም ሳያመጣ ብለው መሐል ገቡ። ሳይክሏ ተለቅማ እትዬ ዘውዲቱ ግቢ ገብታለች፤ ባለሙያ ይያትና ይንገረን አሉ። ከተማው ውስጥ ሳይክል የሚያውቅ ባለሙያ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ባሕር ዳር ልጁ ራስጌ ተቀምጧል። ስለዚህ እኔን ጠሩኝ።

«ቀድመህ ገብተህ እይ» ብለው ከበሩ ውጭ ቀሩ። እናትየዋ ቤት ውስጥ ከጎረቤት ጋር ታለቅሳለች። ሳይክሏ ጓሮ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍናለች። ከረጢቱን ገለጥኩት። የፊቱ ቱቦ ከእጀታው ተመዞ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ላይ ነጩ ቴፕ፣ የእኔ ቴፕ፣ ዘይት ጠግቦ ተላጦ ይታያል። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር። ሕፃን ቢያየው ያውቀዋል።

ዙሪያዬን ቃኘሁ። ማንም የለም። ከኪሴ ቁልፌን አወጣሁ። ቴፑን ላጥኩና ኪሴ ከተትኩት። ቱቦውን አስገባሁት፤ ቀለበቷን በቦታዋ አስተካከልኩ፤ ዳዶውን አጠበቅሁ፤ የተንጠባጠበውን ዘይት በሸሚዜ እጅጌ ጠረግሁ። ያን ቱቦ ለሁለተኛ ጊዜ የገጠምኩት ያኔ ነው። የመጀመሪያውን ስገጥም ቸኩዬ ነበር። ሁለተኛውን በጥንቃቄ ገጠምኩት። ያን ጥንቃቄ ሐሙስ ዕለት ባደርገው ኖሮ ልጁ ዛሬ በሁለት እግሩ ይሄድ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት ነው በሉኝ፤ ትዕቢት ነው፣ ችኮላ ነው በሉኝ። ሁለተኛውን ምን ትሉታላችሁ? እኔ ስም አላገኘሁለትም።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። «ፍሬኑ ደህና ነው» አልኳቸው። አንዱ አዛውንት ጎንበስ ብለው እጀታውን ጨበጡት፤ ባዶውን ገባ። «ይኸ እንዴት ላላ ልጄ?» አሉኝ። «ሲወድቅ ተመትቶ ነው አባባ፤ ዘይቱ ፈሷል» አልኩ። እንዴት ፈጥኖ መጣልኝ! የፊት ጎማው ካቡን ሲመታ ከቦታው ወልቆ ነበር፤ ወደ እሱ አመለከትኩ። «ጥፋቱ ይኸ ነው። ጎማው በደንብ አልታሰረም።»

«ማነው ያሰረው?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬ ሳይቀር ውሸት ነበር፤ ለአበልጄ የምሳሳ ለመምሰል ነው ዝም ያልኩት። ደግመው ሲጠይቁኝ ወደ መሬት እያየሁ «ይርጋ ነው» አልኩ።

ከአጎቶቹ አንዱ መስቀል ይምጣና ይማል አለ። ያ እጀታውን የጨበጡት አዛውንት ግን እጃቸውን አነሱ። «ተዉት። አበልጁ ነው እኮ። በአበልጁ ላይ በሐሰት የሚመሰክር ማን አለ?» አሉ። መሐላው ቀረ። ለብዙ ጊዜ «መስቀል መትቼ አልማልኩም» እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ። መስቀሉ የቀረልኝ ክርስትና ባነሳሁት ሕፃን ምክንያት እንደሆነ እያወቅሁ!

ይርጋ ሲመለስ ደም የሰጠበት ክንዱ ላይ ጥጡ ገና አልተነሳም ነበር። ሽማግሌዎቹ ነገሩት። ይጮኻል፣ ይክዳል፣ ወደ እኔ ይዞራል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲያውም እንዲከራከር ተመኘሁ፤ ቢከራከረኝ ምናልባት እሸነፍ ነበር። እሱ ግን «አበልጄ አይቶታል?» ብቻ ነው ያለው። አይቶታል አሉት። «እሱ ካየው እኔ ነኝ» አለ።

በማግስቱ እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ እትዬ ዘውዲቱ ደጅ ወደቀ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። እኔም ቆሜ አየሁ። እትዬ ዘውዲቱ ወጥታ ድንጋዩን በገዛ እጇ ከማጅራቱ አነሳችና «እግዜር ይቅር ይበልህ። አውቀህ አላደረግኸው» አለችው። አጎቶቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሰላም ወረደ ተባለ። ሽማግሌዎቹ እኔንም እውነት በመናገሬ መረቁኝ፤ እኔም «አሜን» አልኩ።

ይርጋ ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆነም። አንድ ቡሎን ያጠብቅና ይሄዳል፤ ተመልሶ ይነካታል፤ ደንበኛው ሳይክሉን ይዞ ሲወጣ እስከ አስፋልቱ ተከትሎ «አንዴ ቆየኝ» ይላል። ሰዉም ጎማ እንዲነካበት አይፈልግም፤ ሲያየው ሳይክሉን ወደ እኔ ያዞራል። ሚስቱ ደብሬ «እጄን ተቀማሁ ይለኛል» ብላ አልቅሳ ነግራኛለች። ለማን እንደምትናገር መች አወቀች! ሲብስበት ቤቱን ነቅሎ እብናት ወረደ። እህል በረንዳ ላይ ጆንያ ሲሸከም ኖረ። ቁልፍ የሚባል ነገር ድጋሚ በእጁ አልያዘም።

ሱቁ የብቻዬ ሆነ። ሥራዬም ደራ። የነሐስ ቀለበት ዛሬ በሳጥን ሙሉ አለኝ።

አለምነው ከሱቄ ፊት ለፊት የሞባይል ካርድና የጆሮ ማዳመጫ ይሸጣል። በክራንች ነው የሚሄደው። ጠዋት ሱቅ ስከፍት «ጋሼ ሞገስ፣ እንዴት አደሩ» ብሎ የሚቀድመኝ እሱ ነው። ካርድ ስገዛ ሂሳብ አልቀበልም ይላል። የይርጋ ስም ሲነሳ ግን ፊቱ ይጠቁራል። እናቱ ይቅር ብላዋለች፤ እሱ አላለውም። አንድ ቀን ደጄ ተቀምጦ ስናወራ «እርስዎ ባይኖሩ እኮ እውነቱ ተዳፍኖ ይቀር ነበር» አለኝ። ምን መለስኩለት መሰላችሁ? ጎማ ነፋሁ። ጎንበስ ብዬ የማንም ያልሆነ ጎማ ነፋሁ።

አምና ዮናስ ሱቄ መጣ። የክርስትና ልጄ ጎልምሷል፤ አንገቱን እንደ አባቱ ያዘነብላል። «አባዬ በጣም ታሟል። የክርስትና አባቴን ጥራልኝ ብሎኛል» አለኝ። አብረን ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስገጣጥም ነበር። «አበልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» እላለሁ፤ «ቱቦው ነው» እላለሁ። በእመቤቴ እላችኋለሁ፣ ልናገር ነበር የሄድኩት። ግን መሄዴ ምን ያደርጋል? መንገድ የጀመረ ሁሉ ደረሰ ይባላል?

ይርጋ አልጋ ላይ አልቆ አገኘሁት። ልጁን ውጣ አለው። እጄን ያዘና፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «አበልጄ፣ ያ ጎማ... እኔ እኮ ያሰርኩት ነው የሚመስለኝ። ዛሬም እጄ አሰርኩት ይለኛል። ግን አንተ አይተኸዋል» አለኝ።

እዚህ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አፌን ከፈትኩ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይለኝ ይሆን?» አለ።

«ይልሃል አበልጄ» አልኩት። «ይቅር ይልሃል።»

እጄን ሳመው። ሳምንቱ ሳይወጣ አረፈ። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

የገዛ ኃጢአቴን ተሸክሞ ሲለምነኝ፣ እኔ ከላይ ሆኜ ይቅርታ ሰጠሁት። ሌላው ሁሉ፣ ቱቦው፣ ቴፑ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት የተናገርኩት፣ ፈርቼ ነው ልል እችላለሁ፤ ጠመንጃ ነበር። እዚያ አልጋ አጠገብ ግን ማንም ጠመንጃ አልያዘም። የሚሞት ሰው እጅ ብቻ ነበር። ስለዚህ ፈርቼ ነው አልልም። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። እኔ ነኝ። የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ የደበቅሁት እኔ ነኝ፤ በይርጋ ያላከክሁት እኔ ነኝ፤ ሲሞትም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ወረቀቱን ይዤ መንገዱን እሻገርና ለአለምነው አነብለታለሁ። ከዚያ በኋላ የሚያደርገኝን ያድርገኝ። ይቅር እንዲለኝ አልለምነውም፤ ይርጋን በከንቱ ሲጠላ ለኖረበት ዘመን መልስ የለኝምና። ከእሱ ቀጥሎ እብናት እወርዳለሁ፤ ያ ደግሞ ከሁሉ ይከብደኛል። ድንገት እዚያ ስደርስ አፌ እንደ ልማዱ ቢከዳኝ ብዬ፣ ዋናውን እዚሁ እጽፈዋለሁ።

ልጄ ዮናስ፣ ጎማውን አባትህ በደንብ አስሮት ነበር።